ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ምልክት ሰጪ ስናቆም፦ ችግሩ ከየት ይመጣል፣ እንዴት ይስተካከላል

በገላን፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ አካባቢ ግንባታ የሚያሠራ ሰው ቦታውን ሲረከብ በአናቱ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መስመርም አብሮ ይረከባል። ብዙ ጊዜ መስመሩ የተዘረጋው መሬቱ ገና የእርሻ ማሳ ሳለ ነው። ስለዚህ ገልባጭ መኪና ሲገባ፣ ክሬን ፌሮ ሲያወርድ ወይም የኮንክሪት ፓምፕ ክንዱን ሲዘረጋ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ «እንዲያይ» ይደረጋል። ሰውየው በአብዛኛው የዚያን ቀን ሌላ ሥራ ያልደረሰው የቀን ሠራተኛ ነው። እሱ ከቆመ በኋላ ሁሉም ሰው ስለ መስመሩ ማሰብ ያቆማል። ነገር ግን ምልክት ሰጪ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የሚለካበት ነገር፣ ከሌላ ሥራ ነጻ የሆነ ጊዜና የማስቆም ሥልጣን ካልተሰጠው ደግሞ በአደጋው ቀጠና ውስጥ የተጨመረ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ሰው ማቆም የግድ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። አሸዋውና ጠጠሩ መስመሩ ሥር የሚራገፈው ለመንገድ ስለሚቀርብ ብቻ ከሆነ ክምሩን ወደ ሌላ ጥግ ማዛወር ከማንኛውም ፊሽካ ይበልጣል። የክሬን ሥራ ከሆነ ለዚያ ሰዓት መስመሩ ተቋርጦ ከመሬት ጋር እንዲያያዝ በጽሑፍ ጠይቁ። እዚህ ላይ ደብዳቤው የተሳሳተ በር እንዳያንኳኳ ተጠንቀቁ። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱንም አሁንም «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። በእንጨትና በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የሚሄደው የስርጭት መስመር፣ በአብዛኛው 15 ኪሎ ቮልት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በትልልቅ የብረት ማማ ላይ የተሰቀሉት ባለ 132፣ 230 እና 400 ኪሎ ቮልት መስመሮች ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው።

መልሱ እስኪመጣ ሥራው አይጠብቅም የሚል ፎርማን ይኖራል። እንግዲያው ከዚህ በታች ያለው ለእሱ ነው።

«ገና ሩቅ ነው» እያለ የክሬኑ ክንድ ሽቦው አጠገብ ይደርሳል

ምክንያቱ የምልክት ሰጪው ግዴለሽነት አይደለም፤ የቆመበት ቦታ ነው። ከሽቦው ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ሰማይ ላይ የተሰመረ ቀጭን መስመርና አንድ ወፍራም ብረት ያያል፤ በመካከላቸው አንድ ሜትር ይኑር አራት ሜትር ዓይኑ ሊነግረው አይችልም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስትሆን፣ ወይም በክረምት ጠዋት በለገጣፎና በሱሉልታ በኩል ጉም ሲወርድ፣ ሽቦው ራሱ ይጠፋበታል።

መፍትሄው ፍርዱን ከሰማይ ወደ መሬት ማውረድ ነው። ከዳር ካለው ሽቦ ትክክለኛ ሥር ተነሥታችሁ ወደ ሥራው በኩል ርቀቱን ለኩና በመሬቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ለመነሻ የሚሆነው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለክሬን ሥራ ያስቀመጠው ርቀት ነው፤ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለ መስመር 3 ሜትር፣ ለ132 ኪሎ ቮልት 4.6 ሜትር፣ ለ230 ኪሎ ቮልት 6.1 ሜትር፣ ለ400 ኪሎ ቮልት 7.6 ሜትር ያህል። የመስመሩ ባለቤት ከዚህ የበለጠ ከጠየቀ የእሱ ቃል ይጸናል። በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ላለ ቮልቴጁን ለማታውቁት መስመር 6.1 ሜትር ያዙ። ይህ ለመኪናው ወይም ለክሬኑ አካል ብቻ ሳይሆን ለጭነቱ፣ ለማንጠልጠያው ሽቦና ለመጎተቻው ገመድም ነው። ጭነት በነፋስ ይወዛወዛል፤ ክሬን ጭነቱን መሬት ሲያስነካ ደግሞ ክንዱ ሸክሙ ስለሚለቀው ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ከዝቅተኛው ርቀት ላይ የራሳችሁን ጨምሩ።

ለምልክቱ ኖራ በበጋ ይበቃል። በክረምት አንድ ዝናብ ጠርጎት ስለሚሄድ በእንጨት ችካል ላይ የታሰረ ገመድና ቀይ ጨርቅ ይሻላል። ምልክት ሰጪው ደግሞ ከሽቦው ሥር ወጥቶ፣ ሽቦው በሚሄድበት አቅጣጫ ርዝመቱን ተከትሎ በሚያይበት ቦታ ይቁም። ከዚያ ሲታይ ክንዱና ሽቦው ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይዋ ስትዞር እሱም ወደ ሌላው ጫፍ ይዙር።

የሽቦውን ከፍታ በብረት ሜትር ወይም በፌሮ ዘንግ ለመለካት የሚሞክር ሰው ካያችሁ ወዲያው አስቁሙት። ሽቦው ጥቁር ስለሆነ ተሸፍኗል የሚለውንም ግምት ተዉት፤ ያረጀ እርቃን አሉሚኒየም ከሩቅ ሲታይ ይጠቁራል።

ትናንት በሰላም ያለፈው መኪና ዛሬ ሊነካ ደረሰ

እዚህ ላይ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሾፌሩን ነው። መሬቱን ግን እዩ። በከተማው ዳርቻ አካባቢ ቦታ ሲስተካከል በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ቢያጆ ሙሌት ይገባል፣ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል። ሽቦው ከነበረበት ሳይነቃነቅ መሬቱ አንድ ሜትር ወደ እሱ ቀርቧል። በዚህ ላይ ሽቦ በቀን ሙቀትና በውስጡ በሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጭነት ይረግባል፤ ጠዋት የታየው ክፍተት ለቀኑ ስምንት ሰዓት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሙሌት ንብርብር ሲያልቅ ክፍተቱ እንደገና ይታይ። መንገዱ መስመሩን የሚያቋርጥ ከሆነ በሁለቱም በኩል ሁለት እንጨት ተክላችሁ በአናታቸው ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ወጥሩ። ገመዱ ከሽቦው በብዙ ዝቅ ያለና ከሽቦውም በአግድም ራቅ ብሎ የተተከለ ይሁን፤ ገመዱን የነካ መኪና ወደ ሽቦው አይሄድም።

ሁለተኛው ምክንያት የዚህ አገር አፈር ነው። በአቃቂ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ የገልባጭ መኪናው ሳጥን ላይ ይጣበቃል። ሾፌሩ ሳጥኑን አንሥቶ አፈሩ አልወርድ ሲለው ወደ ፊት ይነዳና ፍሬኑን በድንገት ይይዛል፤ ሳጥኑ ሲንገጫገጭ አፈሩ እንዲራገፍ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ጉዞ ይጀምራል፤ ያራገፈው ከመስመሩ ውጭ ቢሆንም ሳጥኑን እንዳነሣ ከመስመሩ ሥር ይገባል። ይህን ሁሉ ጊዜ ምልክት ሰጪው የት ነው? መኪናው ካራገፈ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎት ወደሚቀጥለው መኪና ሄዷል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ሳጥኑ ወርዶ እስኪቀመጥ ምልክት ሰጪው ዓይኑን ከመኪናው አያነሣም፤ ሾፌሩም የእሱን ምልክት ሳያገኝ አይንቀሳቀስም። የተጣበቀውን አፈር የሚያራግፍበት ከመስመሩ የራቀ ቦታ ለይታችሁ ስጡት፤ ካልሰጣችሁት የራሱን ይመርጣል።

«ቁም!» ተብሎ አልቆመም

የሞተር ጩኸት አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ «ና» ሲል ሌላው «በቃ» የሚልበት ሳይት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ብዙ አይነገርም። የክሬን ኦፕሬተሩ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ብዙ ማሽን ያዘዘ፣ ከሳይቱ ሁሉ የተሻለ የሚከፈለው ሰው ነው። ምልክት ሰጪው ከገጠር ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ትንሽ የቀረቡ መሰለኝ» ይላል፤ ጋሼም «አየሁት ልጄ» ብለው ይቀጥላሉ። ልጁ ዝም ይላል፤ በአስተዳደጉ ታላቅ ላይ መጮህ ነውር ነው።

ይህን በፖስተር አትፈቱትም። የሚፈታው ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ፎርማኑ ሁሉም ባሉበት፣ ኦፕሬተሩም ጭምር፣ ልጁን ጠርቶ ከፊት አቁሞ «ዛሬ ይህ ልጅ ቁም ካለ እኔም ብሆን እቆማለሁ፤ ለምን አስቆምከኝ ብሎ የሚጠይቀው ሰው መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይነጋገራል» ሲል ነው። ኦፕሬተሩም በሰው ፊት «እሺ» ይበል። ልጁ ያለ በቂ ምክንያት አስቁሞ ከተገኘ የጠፋው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ከተቆጣችሁት ግን በሚቀጥለው ጊዜ አያስቆምም። በእኔ ግምት ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን አንቀጽ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ክብር ግን ይጠይቃል።

የቀረው ቀላል ነው። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ሰደርያው ከሌሎቹ በቀለም ይለይ። የማቆም ምልክት ግን ከማንም ቢመጣ ይከበራል። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞችና የውጭ አገር ኦፕሬተሮች አብረው በሚውሉበት ሳይት በቃል ብቻ መተማመን ስለማያዋጣ የእጅ ምልክት ተስማሙ፦ አንድ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ታች ሆኖ ወዲያ ወዲህ ሲል ቁም፣ ሁለቱም ክንዶች እንዲሁ ሲሆኑ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ። ኦፕሬተሩ ምልክት ሰጪውን ካላየው ይቆማል። በሬዲዮ የሚሠሩ ከሆነም ድምፁ ሲቋረጥ ይቆማል።

ምልክት ሰጪው መኪናውን እየነካ ይመራል

ይህ በየሳይቱ የሚታይ ልማድ ነው። ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲገባ ረዳቱ በጎኑ እየተራመደ፣ መዳፉን የሳጥኑ ብረት ላይ አድርጎ «ና… ና… ና…» ይላል። ሲደርስ «በቃ» ብሎ ብረቱን በጥፊ መታ መታ ያደርገዋል። ሾፌሩም ከድምፁ ይልቅ የሚሰማው ያንን ምት ነው።

አሁን ሳጥኑ ከላይ ሽቦ ነክቷል እንበል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እሱ መሬት አልነካምና። ረዳቱ ግን እግሩ እርጥብ መሬት ላይ፣ መዳፉ ብረቱ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የእሱ አካል ይሆናል። «ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም» የሚለው አነጋገር በ15 ኪሎ ቮልት ፊት ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ልማዱ ራሱ መቅረት አለበት፦ መስመር ባለበት ቦታ ምልክት ሰጪ ተሽከርካሪ፣ ጭነት፣ የማንጠልጠያ ሽቦም ሆነ የክሬን እግር አይነካም። ጭነት በገመድ የሚያረጋጋ ሰው ካስፈለገ ሌላ ሰው ይሁን፤ ገመዱም ደረቅና ብረት የሌለበት ይሁን። ሽቦ እያየ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጎማ ሥር ስለሚገባም ምልክት ሰጪው የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይጠረግ፤ መራመድ ሲኖርበት መኪናው ይቁም።

ሲፈለግ ቦታው ላይ የለም

ቢያጆ እንዲቆጥር፣ ወረቀት እንዲፈርም፣ ውኃ እንዲያመጣ ተልኮ ነው። ሌላ ሥራ አትስጡት። ሽንት ቤት ሲሄድ የሚተካው ከሌለ ማሽኑ ይቁም። አንገቱን ቀና አድርጎ ረጅም ሰዓት የሚያይ ሰው ስለሚደክም በየተወሰነ ጊዜ የሚቀያየሩ ሁለት ሰዎች መድቡ። ሥልጠናና የደኅንነት ቁሳቁስ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ነው ማለት ከዚህ አያወጣም።

ከላይ የሚወድቅ ዕቃ

ለዚህ የተለየ ብልሃት የለውም። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ሥር ወይም በተንጠለጠለ ጭነት ሥር ምልክት ሰጪ አይቆምም፤ ከዚያ ካልሆነ አይታየኝም ካለ ሁለተኛ ሰው ጨምሩና ምልክቱን ይቀባበሉ።

ከነካ

ኦፕሬተሩ ከጋቢናው አይውረድ። ክንዱን ወይም ሳጥኑን በራሱ ማላቀቅ ከቻለ ያላቅቅ፤ ካልቻለ ተቀምጦ ይጠብቅ። የምልክት ሰጪው ሥራ ሰውን ማራቅ ነው፤ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ ከዚያም በላይ። በመኪናው ዙሪያ ያለው መሬት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ የሚርቁት ሰዎች አይሩጡ፤ እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ሁለቱን አጠጋግተው፣ በትንሽ በትንሹ እየገፉ ይውጡ። የወደቀ ሰው ቢኖርም መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ እጁን ይዞ የሚጎትተው ሰው ሁለተኛው ተጎጂ ይሆናል። ይህ ለማየት የሚከብድ ነገር ነው፤ ስለሆነም አስቀድሞ ይነገራቸው።

ጋቢናው በእሳት ከተያያዘ ኦፕሬተሩ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ርቆ ይዝለል፤ ከዚያም በዚያው አረማመድ ይራቅ። ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ሽቦው ጸጥ ስላለ፣ ብልጭታው ስለቆመ ወይም የአካባቢው መብራት ስለጠፋ ሞቷል አትበሉ፤ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ያለው መቆጣጠሪያ በራሱ መልሶ ሊያበራው ይችላል። የጋለ ጎማ ቆይቶም ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ባለሙያዎቹ በአካል መጥተው መስመሩን ቆርጠው ከመሬት ጋር እስኪያያይዙና «አሁን መቅረብ ትችላላችሁ» እስኪሉ ድረስ ሾፌሩን ጨምሮ ማንም ወደ መኪናው አይመለስ።