ከማሳ የወጣውን ወደ ማሳ ለመመለስ፦ የብስባሽ አዘገጃጀት ለጎጃም ገበሬ

በቆሎ ሲያድግ ከፀሐይ ኃይል፣ ከአየር ካርቦን፣ ከአፈር ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወስዳል። ኃይሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ በየዓመቱ ከፀሐይ እንደ አዲስ መምጣት አለበት። ንጥረ ነገሩ ግን አይጠፋም፣ ቦታ ብቻ ይለውጣል። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ኃይሉ ምጣዱን ያሞቃል፣ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የቻላችሁትን ያህል እበት ከእሳት አትርፉና ከገለባና ከቅጠል ጋር አበስብሳችሁ ብስባሽ አድርጉት። አመዱንም አትድፉት፤ ማሳ ላይ በትኑት፣ አሲዳማውን አፈር ትንሽም ቢሆን ያለዝባል።

1. ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ ያኔ አረንጓዴ ቅጠል አይጠፋም። ጥላ ያለው፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ምረጡና 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ለኩ።

2. አየር እንዲገባ ከሥር ጭራሮ አንጥፉ። ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ገለባ ወይም የተከተፈ አገዳ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የግብጦ፣ የግራዋ ወይም የብሳና ቅጠል፣ 5 ሴንቲ ሜትር እበት፣ በላዩ ስስ አፈር አድርጉ። እያንዳንዱን ንብርብር ውኃ አርከፍክፉበት። ክምሩ 1.2 ሜትር ሲደርስ በሣር ሸፍኑት። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትጨምሩ፤ ቶሎ አይበሰብስም።

3. ረጅም እንጨት መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በ5ኛው ቀን ስትመዙት በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ትኩስ መሆን አለበት፤ የጥሩ ክምር ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ገለባው የያዘውን የፀሐይ ኃይል ረቂቃን ተሕዋስያን እየበሉ ሲለቁት ነው የሚሞቀው፤ የአረም ዘርም በዚሁ ይሞታል። እንጨቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ጎድሏል። እርጥብ ሆኖ ካልሞቀ እበትና ቅጠል ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥሮታልና ገልብጡት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የሽንት ሽታ ካለው ግን ናይትሮጅኑ እየበነነ ስለሆነ በዚያው ቀን ገለባ ቀላቅሉበት። አመድ ክምሩ ውስጥ መጨመርም ይህንኑ ብክነት ያባብሳል።

4. በ3ኛው ሳምንት ገልብጡ፤ ዳግም ሞቆ ሲበርድ ድገሙት። በ4 ወር ገደማ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ይኖረዋል። ክምሩ በግማሽ ቢያንስ አትደንግጡ፦ የጎደለው በአብዛኛው ወደ አየር የተመለሰ ካርቦንና ውኃ ነው። የሚያሳስበው ዝናብ ናይትሮጅኑንና ፖታሲየሙን አጥቦ መውሰዱ ነውና እስከ ዘር ጊዜ ከዝናብ ከልሉት። ማሳ ላይ እንደበተናችሁት ወዲያው በማረሻ ከአፈር ጋር አዋህዱት።

ብስባሽ የሚመልሰው ግን ቤት የቀረውን ብቻ ነው። ገበያ ከወጣ 1 ኩንታል በቆሎ ጋር 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይሄዳል። እሱን ለመተካት ማሳውን በየተራ ግብጦ ወይም ባቄላ ዝሩበት፤ ሥሮቻቸው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም፤ የተሸጠውን ያህል ከውጭ በማዳበሪያ መግባት አለበት።