ከኮሌጅ ወደ ጋራዥ፦ ሙያ የሚማሩ ልጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ጋራዥ አለኝ። በየዓመቱ ከኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚላኩ አራት አምስት ልጆች እቀበላለሁ። ጎበዝም ሰነፍም አይቻለሁ፤ ስህተታቸው ግን ይመሳሰላል።

«ነጥብ ስላልመጣልኝ ነው የገባሁት።» ልጁ ገና ቱታ ሳይለብስ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ይህን ይነግረኛል። ሲመረመር ዲፓርትመንቱን የመረጠው ጓደኛው ስለተመዘገበ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጋራዥ፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት፣ አንድ እንጨት ቤት ደጅ ግማሽ ግማሽ ቀን ተቀመጡና የትኛው ሥራ እንደሚበዛ እዩ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ፊርማና ማኅተም ማሳደድ። የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ በመጀመሪያው ቀን ሎግ ቡኩን (የየቀን ሥራው የሚመዘገብበትን ደብተር) አውጥቶ «ጋሼ፣ የሁለት ወሩን አሁን ቢፈርሙልኝስ?» አለኝ። ዝም ብዬ የሚኒባስ የኋላ ጎማ ኩሽኔት እንዲያወልቅ ሰጠሁት፤ መጀመሪያ ያነሳው መዶሻ ነው። እውነት ለመናገር እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ ተማሪን ሻይ መላክና መኪና ማሳጠብ የሚወድ ጋራዥ ሞልቷል። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ፦ በየሳምንቱ አንድ ሥራ ከመፍታት እስከ መግጠም ለብቻችሁ ይሰጣችሁ። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ስትገጥሙ ከኋላ ወደፊት ትሄዱበታላችሁ።

አንዲት እጅ ሥራ ይዞ መቅረት። የእህቴ ልጅ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስትሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፋችው ኪስ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰባቸውና ልጅቷ ከሥራ ወጣች። ዋሽንግተን ላይ ተወስኖ ሥራ ያጣችው ቂሊንጦ ቤት የተከራየች ልጅ ናት። ሌላ ስፌት ቤት ስትፈተን ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን ማሽን) ነክታ አታውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላውን ማሽን አሳዩኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ማንም አልነገራትም፣ እኔም ጭምር።

«እንግሊዝኛው አይገባኝም» ብሎ ማኑዋል አለመክፈት። ስልክ ይተረጉማል፤ የመኪናው ሜኑ ቻይንኛ ቢሆንም ካሜራው ያነበዋል።

«ኤሌክትሪኩ የኤሌትሪሻኑ ነው» ማለት። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈ ልጅ ሁሉ ከሞተርና ካምቢዮ ውጪ አያገባኝም ይላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን የሞተር ዘይት የሌለው፣ ካንዴላ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ደጃችን ይቆማል። ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔት አልቀሩም፤ እንጀራችን ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። ግን የመጀመሪያዋ የኤሌክትሪክ መኪና በክሬን ስትመጣ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? በሯ በሪሞት አይከፈትም፣ ዳሽቦርዷ አይበራም። እኔ የ25 ዓመት መካኒክ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብዬ ባለቤቱን አስደነገጥኩት። ከተማሪዎቹ አንዷ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዛ ኮፈኑ ሥር ያለችውን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለካች፤ 8 ቮልት ብቻ! ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ኮንታክተሮች (ትልልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚነቁት በዚያች በትንሿ ኃይል ነው። ቻርጅ አደረግናት፣ ተነሣች። ላስደነገጥኩበት ሒሳብ አልጠየቅሁም።

ተቃራኒው ድፍረት ነው፤ ይሄኛው ይገድላል። ብርቱካናማ ሽፋን ባላቸው ገመዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። የ12 ቮልቱን ነቅላችሁ፣ የትልቁን ባትሪ መለያያም ካወጣችሁ በኋላ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙት ክፍሎች) ውስጥ የቀረው እስኪወርድ ማኑዋሉ የሚያዘውን ያህል፣ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ጠብቁና ዜሮ መሆኑን ለኩ። 1000 ቮልት የሚችለውን የጎማ ጓንት ከመልበሳችሁ በፊት አፉን ጠቅልላችሁ አየሩን እዩት፤ የሚተነፍስ ከሆነ ጣሉት።

የመጀመሪያ ደመወዛችሁ ሲገባ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ቴስተር ግዙ። ካት 3 (የቴስተር የደኅንነት ደረጃ ነው)፣ 1000 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት ለቤት አምፖል ይሁናችሁ።