ዱባይ አዲስ ለገባሽ እህቴ፦ ደሞዝሽ ሲያዝ፣ ከመጥፋትሽ በፊት

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዱባይ ሠርቼ እንደተመለስኩ ስለሚያውቁ የጎረቤት እናቶች ልጆቻቸው የላኩትን የድምፅ መልእክት ያሰሙኛል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «መዳም ደሞዜን ያዘችብኝ፣ ልጥፋ ወይ?» መልሴ አይለወጥም። አትጥፊ፤ መጀመሪያ አቤቱታሽን አስገቢ።

አቤቱታ ሲባል ፖሊስና እስር ቤት ትዝ ይልሽ ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። የኤሚሬትስ የሰው ሀብት ሚኒስቴር፣ ሰው ሁሉ ሞህሬ የሚለው፣ የአሠሪና የሠራተኛን ክርክር ያያል። ሁለታችሁንም ያነጋግራል፣ ኮንትራቱን ያያል፣ ለማስማማት ይሞክራል። እኛ ሰፈር እንደሚቀመጠው ሽምግልና ነው ማለት ይቻላል። ግን ሽማግሌ «ተይው ልጄ፣ ለእግዜር ስጪው» ብሎ ሊሸኝሽ ይችላል። እነሱ ፊት ያለው ሕግ ነው። ካልተስማማችሁና የምትጠይቂው ከ50,000 ድርሃም የማይበልጥ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ሚኒስቴሩ ራሱ መወሰን ይችላል። የአብዛኞቻችን የተጠራቀመ ደሞዝ ከዚህ በታች ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የቤት ሠራተኛ ለፍርድ ቤት ክፍያ አትጠየቅም።

ሕጉ የሚሰጥሽን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጥሻል። በቀን 12 ሰዓት ታርፊያለሽ፣ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለሽ። ደሞዝሽ ቀኑ በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ፓስፖርትሽም አንቺ ጋ ነው የሚቀመጠው። መዳም «ለደህንነትሽ ነው» ብላ ብትይዘውም ሕጉ ያው ነው።

ታዲያ ለምን አትጥፊ እላለሁ? ከቤት ከወጣሽ አሠሪሽ «ጠፍታለች» ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ያን ጊዜ ደሞዝሽን ብቻ ሳይሆን መኖሪያ ፈቃድሽንም ስታሟግቺ ነው የምትከርሚው። የቀደመ አቤቱታ ካለሽ ግን ታሪኩ ያንቺ ነው፤ ለምን እንደወጣሽ የሚያስረዳ መዝገብ አለ። ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ ግን ይህ ሁሉ ምክር ይቅር። ወዲያው ውጪ፣ 999 ደውይ፣ ከዚያ ዱባይ ያለው ቆንስላችን ጋ ሂጂ። ነፍስሽ ትቅደም።

የሞህሬ የሠራተኞች አቤቱታ ስልክ 80084 ነው። ከመደወልሽ በፊት ግን ደብተር ያዢ። ብዙ ልጆች ሐቅ ይዘው የሚሸነፉት እዚህ ጋ ነውና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሰዓታችን የተለየ ነው። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እሠራለሁ» ካልሽ፣ እኛ ስንሰማው 19 ሰዓት ሥራ ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ከ11 እስከ 6 ብሎ ሰባት ሰዓት ይጽፍልሻል። ስለዚህ በእነሱ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 5 እስከ እኩለ ሌሊት» በይ። ዘመኑም እንደዚያው ነው። «የገባሁት በ2017 ነው» ብትይ ለእነሱ በጣም የቆየ ነገር ነው፤ ውሸታም ያስመስልሻል። «የታኅሣሥና የጥር ደሞዝ» አይባልም፤ በፈረንጅ ወርና ቀን ጻፊው። ቤት ውስጥ «ሳራ» ወይም «ማርያም» እያሉ ቢጠሩሽም፣ አቤቱታው ላይ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ስም ከነአባትና ከነአያትሽ ይግባ። የተከፈለሽንም ሳትደብቂ ጻፊ። የተቀበልሽውን ካልካድሽ፣ የቀረሽን ስትጠይቂ ይታመንሻል።

አሁን ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ስላለው ወገን። ከመሄድሽ በፊት የፈረምሽው ኮንትራት ኮፒ ቤተሰብ ጋ ይቀመጥ። ሰሞኑን አንዲት እናት ከፌስታል አውጥታ አሳየችኝ። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ደሞዙ የተጻፈበት መስመር ላይ ተበልቷል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መስመር! እባካችሁ፣ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱትና ቴሌግራም ላይ አስቀምጡት። የአሠሪው ስም፣ የደሞዙ መጠን፣ የኤጀንሲው ስምና ማኅተም ይነበብ።

ኤጀንሲው «እኛ ልከናታል፣ ሌላው አያገባንም» ቢላችሁ አትመለሱ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጁ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ያደርገዋል። ከኮዬ መሀል ከተማ መመላለስ ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ በተለይ ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ። ቢሆንም አቤቱታችሁን በጽሑፍ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ውሰዱ፤ የገቢ ማኅተም የተመታበት ኮፒም ሳትይዙ አትውጡ። ልጅቷ እዚያ፣ እናንተ እዚህ በአንድ ጊዜ ስትጠይቁ ኤጀንሲው ስልክ ማንሳት ይጀምራል።

በጥበቃ ወይም በጽዳት ኩባንያ ውስጥ የተቀጠራችሁ ወንድሞችና እህቶች የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2021ዱ ቁጥር 33። በሩ ግን ያው ሞህሬ ነው። በቪዚት ቪዛ ገብተሽ ሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የተመዘገበ ኮንትራት የለሽምና መጀመሪያ ቆንስላውን አማክሪ።

በመጨረሻ ስትስማሙ ወረቀት ይቀርብልሻል። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ እስኪገባሽ ይነበብልሽ። ብዙ ጊዜ «መብቴን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል አለበት። ብሩ እጅሽ ወይም አካውንትሽ ሳይገባ እዚያ ላይ አትፈርሚ። «ነገ እንሰጥሻለን» ካሉሽ ፊርማውም ነገ ይሁን።