የጎደለ ልኬት ያለበት የመስመር ግራፍ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጣና ሐይቅን ከፍታ ወይም የባሕር ዳርን ዝናብ በመስመር ግራፍ ለማሳየት የሚነሣ ሰው አንድም ቀን ያልጎደለበት ሰንጠረዥ እምብዛም አያገኝም። ጉድለቱም በአግባቡ ካልተያዘ ግራፉ ላይ ሌላ ነገር መስሎ ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው የጎደለውን ዜሮ ማድረግ ነው። ኤክሴል ባዶ ሴልን በመስመር ግራፍ ላይ እንደ ክፍተት ይተወዋል፤ በሴሉ ውስጥ ሰረዝ ወይም «የለም» የሚል ቃል ከተጻፈ ግን ዜሮ አድርጎ ይሥለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ጣናም በአንድ ቀን ባሕር ጠለል ደርሶ የተመለሰ ይመስላል፤ ቋሚው ዘንግ እስከ ዜሮ ስለሚለጠጥም በዓመቱ ውስጥ የሚታየው የአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ለውጥ ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ ይቀራል። ይህኛው ስህተት ቢያንስ ዓይን ያወጣ ነው። በዝናብ መረጃ ላይ ግን ይደበቃል፤ በጥር ወር ባሕር ዳር ላይ ዜሮ ሚሊሜትር መመዝገቡ ትክክለኛ ልኬት ሊሆን ስለሚችል፣ አንባቢው «አልዘነበም» የሚለውን «አልተለካም» ከሚለው የሚለይበት መንገድ የለውም። ወርኃዊ ድምር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ኤክሴልም ሆነ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራው የመረጃ መተንተኛ ፓንዳስ አንድም ልኬት የሌለበትን ወር ዜሮ ብለው ስለሚደምሩ፣ ዝናቡ የሚበረታበት ሐምሌ ድርቅ የመታው መስሎ ሊታይ ይችላል። የፓንዳስ የድምር ትእዛዝ ቢያንስ ስንት ልኬት ሊኖር እንደሚገባ የሚወሰንበት አማራጭ አለው፤ በኤክሴል ግን አስቀድሞ የተሞሉትን ሴሎች መቁጠር ያስፈልጋል።

ክፍተቱን በቀጥታ መስመር መሻገርም እንደዚሁ ያሳስታል። ሐይቁ በክረምቱ እየሞላ ሄዶ በመስከረም ወር አካባቢ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ እንግዲህ የነሐሴ፣ የመስከረምና የጥቅምት ልኬት ቢጎድልና ሐምሌ ከኅዳር ጋር ቢገናኝ፣ የዓመቱ ከፍተኛ ውሃ ከግራፉ ላይ ተቆርጦ ይወድቃል። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውሃ በሐይቁ መውጫ፣ ጨራጨራ ላይ፣ በተሠራው ግድብ ስለሚመጠን፣ የሐይቁን ከፍታ ከወቅቱ ብቻ ተነሥቶ መገመት አስቸጋሪ ነው። ግምት ማሳየት የግድ ከሆነ በተቆራረጠ መስመር ይሣልና ግምት መሆኑ ከግራፉ ሥር ይጻፍ። የጎደለባቸውን ረድፎች ከሰንጠረዡ መሰረዝም ውጤቱ ያው መሻገር ነው፤ ሠሪው ሳያስተውለው መፈጸሙ ብቻ ይለየዋል።

በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን የራሱ ጣጣ አለው። ጥቅምት 30 «30/02/2016» ተብሎ ሲገባ፣ 02ን የጎርጎርዮሳውያኑ ፌብሩዋሪ አድርጎ የሚያነበውና ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የማያውቀው ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። አግድም ዘንጉ በጽሑፍ ከተሠራ ረድፎቹ ሁሉ በእኩል ርቀት ስለሚደረደሩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተመዘገበበት ጊዜ የአንድ ቀን ስፋት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ለዘንጉ የጎርጎርዮሳውያኑን ቀን የያዘ ዓምድ ማዘጋጀት፣ የወሮቹን ስም ደግሞ በአማርኛ መጻፍ ይሻላል።

በመጨረሻም ነጥቦቹን ማጥፋት አይገባም። መስመር ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ልኬቶችን ስለሚፈልግ፣ በሁለት ክፍተቶች መካከል ብቻውን የቀረ ልኬት ነጥብ ካልተደረገለት ፈጽሞ አይታይም።