የባሕር መብራት ማማን ለደብረ ብርሃን ተማሪዎች ለማስተማር

ባሕር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ መርከበኞችን በብርሃን ስለሚመራው የባሕር መብራት ማማ ማስተማር የሚሻ የደብረ ብርሃን ፊዚክስ መምህር የማማውን ብርሃን ከሚሰበስበው ሌንስ ቢጀምር ይመረጣል። የከፍታን ጥቅም ከጣርማበር አፋፍ ሆኖ የደብረ ሲናን መብራት ቁልቁል የተመለከተ ልጅ አስቀድሞ ያውቀዋልና።

የሚያስፈልጉት ለንባብ የሚያገለግል ስስ የፕላስቲክ ማጉያ፣ የእጅ ስልክ መብራት፣ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ ናቸው። ተማሪዎቹ የማጉያውን ሸካራ ፊት በጥፍራቸው ሲዳስሱት ከመሃል እስከ ጠርዝ የተደረደሩ ቀጫጭን ቀለበቶች ያገኛሉ። ብርሃን የሚታጠፈው በሌንሱ ገጽ ላይ ስለሆነ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦገስቲን ፍሬኔል ክብደት ብቻ የሚጨምረውን የመሃል ውፍረት ቀንሶ ጠማማውን ገጽ በየቀለበቱ አስቀረው።

ቀጥሎ ማጉያው በመስኮትና በወረቀት መካከል ይያዝ፤ ማዶ ያለው ኮረብታ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ጥርት ሲል በማጉያውና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ ይህም የትኩረት ርቀቱ ነው። በፀሐይ መሞከር ግን ወረቀትም ዓይንም ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይፈቀድ። ከዚያ ክፍሉን አጨልሞ የስልኩን መብራት በተለካው ርቀት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ይበተን የነበረው ብርሃን ተሰብስቦ ግድግዳው ላይ ያርፋል።

ታሪኩ መነገር ያለበት እዚህ ላይ ነው። በፈረንሳይ የዢሮንድ ወንዝ ባሕር በሚገናኝበት ቦታ የቆመው የኮርዱዋን ማማ መሐንዲሱ ሉዊ ደ ፏ በ1584 እ.ኤ.አ. ጀምሮት በ1611 ተጠናቀቀ፤ ጸሎት ቤትም ለንጉሥ የተሰናዳ ክፍልም አለው፣ መብራቱ ግን መጀመሪያ የማገዶ እሳት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቁመቱ ሲጨመርም ብርሃኑ አሁንም ደካማ ነበር። በ1823 የፍሬኔል ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በዚሁ ማማ ላይ ነው። ሌንሱ ሲዞር ብርሃኑ ለመርከበኛው ብልጭ ድርግም እያለ ስለሚታየው አንዱን ማማ ከሌላው በብልጭታው ይለያል። ማማው በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የከፍታው ስሌት ለቤት ሥራ ይሁን። በሜትር የተለካው ቁመት ካሬ ሥር በ3.57 ሲባዛ አድማሱ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚርቅ ይገኛል፤ 60 ሜትር ላይ ያለ መብራት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ከውኃው 9 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ መርከበኛ ደግሞ 11 ያህል ይጨምርበታል። ከዚያ በላይ የምድር ክብነት ይጋርደዋል፤ መብራቱን ማበርታት አይረዳም።

ጣርማበርን የሚያውቁ ልጆች ስለ ጉም መጠየቃቸው አይቀርም። ጉም ሲወርድ ሌንሱም ብዙ ስለማይፈይድ በብዙ ማማዎች ዘንድ ደወል፣ ኋላም ጥሩምባ ይሰማ ነበር።