የዩኤስቢ ሲሪያል ስም ሲቀያየርባችሁ

አዳማ ውስጥ በሊኑክስ አርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) የምትነካኩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊኑክስ ላይ ስሙ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» (ttyUSB0) የነበረው ቦርድ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» ሊሆን ይችላል። ቦርዱ አልተበላሸም። ሊኑክስ ቁጥር የሚሰጠው ቀድሞ ያገኘውን አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ኮዳችሁ ላይ ቁጥሩን አትጻፉ። «ዴቭ» ፎልደር ውስጥ «ሲሪያል»፣ ከዚያ «ባይ አይዲ» ግቡ (/dev/serial/by-id)። በአምራቹና በመለያ ቁጥሩ የተሰየመ ስም አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ችግሩ፣ ሲኤች340 (CH340) የሚባል ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ቺፕ ያላቸው ርካሽ ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ መለያ ቁጥር የላቸውም። እንዲህ ያሉ ሁለት ቦርዶች አንድ ላይ ስትሰኩ ስማቸው ይመሳሰልና ከዝርዝሩ አንዱ ይጠፋል። ያኔ እዚያው «ሲሪያል» ውስጥ ያለው «ባይ ፓዝ» (by-path) ይሻላል፤ የሚለየው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ብቻ አደራ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ኬብል አታቀያይሩ።