የቤተሰቡን ደም የመለሰ ተከሳሽ ቅጣት ሊቀልለት ይገባልን? የማቅለያ ክርክርን ስለ መመዘንና ስለ ማዘጋጀት

አባቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ገድሎ ሲከሰስ፣ ተከሳሹ አስቀድሞ መበደሉን ብዙውን ጊዜ ዐቃቤ ሕጉም አይክድም። ክርክሩ ያለው በደሉ በግድያው ሰዓት በተከሳሹ አእምሮ ላይ ምን ያህል ኃይል ነበረው በሚለው ላይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቀልን በራሱ የቅጣት ማቅለያ አላደረገውም፤ ማቅለያ ያደረገው ቁጣን፣ ሐዘንን፣ ብርቱ የስሜት መናወጥንና ከልብ የመነጨ ጸጸትን ነው። ስለዚህ የተከሳሹ ጠበቃ ወይም ቤተሰብ «የወንድሙን ደም መለሰ» ብሎ መከራከር ከጀመረ፣ ድርጊቱ ታስቦበት የተፈጸመ መሆኑን ዐቃቤ ሕግ ሳይደክም በራሱ አፍ ያረጋግጥለታል።

በቅድሚያ ድርጊቱ የሚወድቀው በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የቅጣቱ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነውና። ተከሳሹ ከባድ በሆነ መነሳሳት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም ሁኔታው ሊያስረዳው በሚችል ብርቱ ስሜት ተገፍቶ ከሆነ፣ አንቀጽ 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይደነግጋል። ይህ ካልተረጋገጠ ተራው የግድያ ድንጋጌ፣ አንቀጽ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑ፣ ምክንያቱ ወይም አፈጻጸሙ ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ ወይም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ያመጣል።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሥራ የጊዜ ሰሌዳውን ማዘጋጀት ነው። የመጀመሪያው ወንጀል የተፈጸመበት ቀን፣ ተከሳሹ የሰማበት ሰዓት፣ ከሟች ጋር የተገናኘበት አጋጣሚ፣ መሣሪያው ከየትና መቼ እንደመጣ፣ በመካከሉ ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታና የተሰጠው ምላሽ፣ እነዚህ ሁሉ በማስረጃ ተደግፈው በቅደም ተከተል ይጻፉ። ልጁ ሲደበደብ አይቶ በዚያው ቅጽበት የተነሳ አባትና ሁለት ክረምት ጠብቆ በገበያ መንገድ ያደፈጠ ወንድም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ለኋለኛው አንቀጽ 541ን መጠየቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀረውን ክርክር ጭምር ተአማኒነት ያሳጣል። ሰሌዳው ለተከሳሹ የማይመች ቢሆንም እንኳ ምስክር አሠልጥኖ ከማጣመም እንዳለ ማቅረቡ ይሻላል።

ጊዜ ማለፉ ግን ማቅለያን ሁሉ አይዘጋም። ለዚህ በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት የታየው የሩሲያዊው የቪታሊ ካሎዬቭ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰዎች ሲሞቱ፣ ካሎዬቭ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004፣ ማለትም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ በዚያች ሌሊት በሥራ ላይ የነበረውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በስዊዘርላንድ ክሎተን ከተማ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደለው። ፍርድ ቤቱ ሆን ብሎ በመግደል ጥፋተኛ አድርጎት እ.ኤ.አ. በ2005 የ8 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ በይግባኝ ግን በሐዘኑ ምክንያት ኃላፊነቱ የተቀነሰ መሆኑ ታይቶ ቅጣቱ ወደ 5 ዓመት ከ3 ወር ወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻም ተፈታ። ወንጀሉ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቅጣቱ መጠን ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን በመሆኑ፣ የዚያ አገር አስተሳሰብ ለእኛ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም።

በእኛ ሕግ ይህን ልዩነት የሚሸከመው አንቀጽ 82 ነው። ንኡስ አንቀጽ 1(መ) በከባድ መነሳሳት የመጣን ቁጣና ሐዘን፣ 1(ሠ) ደግሞ እጅ መስጠትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን ይመለከታል። ነገር ግን ስሜቱ በአንቀጽ 541 አንድ ጊዜ ከታሰበለት ያው ስሜት በአንቀጽ 82 ዳግም ሊቆጠርለት አይችልም። የቅጣት አስተያየት፣ ማለትም ስለ ቅጣቱ መጠን ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበው ጽሑፍ፣ በሚዘጋጅበት ጊዜ የትኛው ፍሬ ነገር ለየትኛው ድንጋጌ እንደዋለ ለይቶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የአባቱን ደም ያልመለሰ» እየተባለ በለቅሶም በድግስም የተሸነቆጠ ወጣት የደረሰበት ጫና ሊነገር ይገባዋል፤ ሲነገር ግን ማን፣ መቼና ምን እንዳለው በምስክር መረጋገጥ አለበት። ባህሉን በጥቅሉ መከላከያ ማድረግ ጎጂ ነው፤ ዳኛው ባህሉ ቀጣዩን ገዳይ እያዘጋጀ መሆኑን ከሰማ ቅጣቱን ለማቅለል ሳይሆን ለማክበድ ምክንያት ያገኛልና። የመጀመሪያው ገዳይ ሳይያዝ ቀርቶ ቤተሰቡ ደጋግሞ አቤት ብሎ ከነበረ ግን ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ የአቤቱታዎቹ ቅጂ ከነቀናቸው ይያያዝ። አቤት ሳይል መሣሪያ ያነሳ ሰው ይህን ነጥብ ሊጠቀምበት አይችልም።

የሽማግሌዎች እርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም። ሆኖም ካሣ ተከፍሎ ደሙ ከደረቀ፣ ለጸጸትና ለመካስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦችና ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት፣ ቀኑንና የካሣውን መጠን የያዘ ሰነድ ይዘጋጅ፤ የሚቀርበውም ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ነው። የሟች ቤተሰብ ተገዶ ፈርሞ እንደሆነ ዐቃቤ ሕጉ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ አንዱ ቀርቦ ለመመስከር ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።